አባቴን በጥቁር ቀለም የሣልኩበት ቀን

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የቀኝ እጄ ጣቶች ክረምቱን ሙሉ ጥቁር ነበሩ። እናቴ በሳሙና ብትል፣ በሎሚ ብትል፣ በመጨረሻም ድስት በምታሽበት ሽቦ ብትፈትገኝ አልለቅ ስላላት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጓንቴን እንዳላወልቅ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ጥፋቱ የማዳም ኦዲል ነው። ማዳም ኦዲል ከኩቤክ የመጣች የፈረንሳይኛና የሥዕል አስተማሪያችን ነበረች። በትንንሽ ጠርሙስ የምታድለን ጥቁር ቀለም፣ ሻንጣ ውስጥ እንደከረመ ልብስ ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ዛሬም የሰው ቁም ሣጥን ሲከፈት ያ ሽታ ከመጣብኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ልብሱ አይደለም፤ አባቴ ነው። ዳውንታውን ካልጋሪ፣ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ማርልቦሮ ሰፈር ውስጥ፣ ከከተማው ባቡር ከሲ-ትሬኑ ጣቢያ ብዙም ሳንርቅ፣ ቤዝመንት ተከራይተን ነበር። የኔ ዕድሜ የሆነ የካልጋሪ አበሻ፣ ቤዝመንት ሲባል ምን ምን እንደሚሸት አይጠፋውም፤ ማሞቂያው ላይ የተሰጣ እርጥብ ጓንት፣ ከላይኛው ቤት የሚወርድ የልብስ ሳሙና፣ የእናቶቻችን ቁሌት። ከትምህርት ቤት መልስ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ፓርኪንጉ ጥግ በተከመረው በረዶ ላይ በካርቶን እንንሸራተት ነበር። እውነተኛ ስሌድ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲቆጣ ሁላችንም እንለማመጠዋለን። ካርቶኑ ሲበሰብስ በላስቲክ እንቀጥላለን፤ ላስቲኩ ሲቀደድ በቂጣችን።

ከላያችን የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው የዩክሬን አሮጊት ነበሩ። ስማቸው ኦልጋ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ስለሆነባት “እትዬ ኦልጋ” ትላቸዋለች፣ እሳቸውም እትዬን የስማቸው ግማሽ አድርገው ተቀብለውታል። አባቴ ደጃቸውን በረዶ ስለሚጠርግላቸው አንድ ቀን ጠርተው የሟች ባላቸውን አኮርዲዮን ሰጡት። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የቀበሌ ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ እናቴም መጀመሪያ ያየችው መድረክ ላይ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያን አኮርዲዮን ሲከፍተው እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ ትቀመጣለች። እትዬ ኦልጋም ከላይ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ያጅቡታል።

አባቴ ኦግደን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የመስኮት ፍሬም ፋብሪካ ይሠራል። ማለዳ ከመውጣቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሴፍቲ ጫማውን ሲያስር እየሰማሁ ነው የምነቃው። የዚያን ዓመት ገና እንዳለፈ አኮርዲዮኑ ከቤት ጠፋ። ነፋስ ያስወጣል፣ የሚጠግን ሰው ጋር ወስጄዋለሁ አለን። አመንነው። ለምን አናምነውም? አባቴ ውሸት የሚዋሽ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ማዳም ኦዲል አንድ ትልቅ የካርቶን አቃፊ ታቅፋ ክፍል ገባች። ውስጡ የጥንት የፈረንሳይ የቀለም ሥዕሎች ቅጂዎች ነበሩ፤ ሁሉም የመንገድ ሙዚቀኞች። አንዱ ዓይነ ስውር ቫዮሊን ተጫዋች ነው፣ ውሻው ገመዱን ወጥሮ ይጎትተዋል። አንዱ ሽማግሌ እጀታው ሲዞር የሚጮህ ሣጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ለኔ የደረሰኝ አኮርዲዮን የያዘ ጎልማሳ ነበር። አጠገቡ አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ትዘፍናለች፣ ከላይ ከየመስኮቱ ሰዎች አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። የሰውየው ኮት ከአምስት ስድስት መስመር አይበልጥም፤ ጥላው ቀለሙ በውሃ ቀጥኖ ባንድ ጊዜ የተጠረገ ነው። ግን ኮቱ እንደከበደው፣ እግሩ እንደቀዘቀዘው ይታወቃል። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም አለችን። የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ለምን የመንገድ ሙዚቀኛ መሣል እንደሚወዱ ስንጠይቃት፣ ሙዚቀኛ አንድ ቦታ ይቆማል፣ እጁ ግን አያርፍም፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም ብላ መለሰች። ከዚያ ላጲሶቻችንን ሰብስባ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው። በእርሳስ የተሳሳተ ያጠፋል፣ በቀለም የተሳሳተ ይዞት ይኖራል ትል ነበር።

እኔ እጄን አውጥቼ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆች ነበሩት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ሥዕሉን ቀረብ ብላ አይታ፣ እሱን አይነግረንም አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሕይወት እንድንሥል ብላ ዳውንታውን ወሰደችን። ቺኑክ የገባ ቀን ነበር። ካልጋሪ የኖረ ያውቀዋል፤ የማታው ብርድ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጠዋት ከተራራው በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ ይነሣና በረዶው ከየጣሪያው መንጠባጠብ ይጀምራል። ሃያ የምንሆን ልጆች ጃኬታችንን ከፍተን፣ የቀለም ጠርሙሳችንን እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ይዘን፣ መኪና ወደማይገባበት የእግረኛ መንገድ ታጠፍን። ገና ሳላየው ሰማሁት። በአኮርዲዮን የሚመታ የሀገር ቤት የሰርግ ዜማ፣ ሙሽራ ሲሸኝ የሚዘፈነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከተማው መሀል የኛ ዘፈን! ሦስት አራት እርምጃ እንደሄድን ግን ዜማው መሀል ላይ የምትደጋገመዋን፣ አባቴ ብቻ የሚያደርጋትን ትንሽ እጥፋት ሰማሁ። ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ሴፍቲ ጫማውን እንዳደረገ፣ አንድ ሱቅ ግድግዳ ሥር በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምሳ ዕቃው ከጎኑ ነው። አየኝ። ጣቶቹ አንዴ ተሰናከሉ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ማዳም ኦዲል ጠጋ ብላ ተማሪዎቿ ሊሥሉት ይችሉ እንደሆነ በትሕትና ስትጠይቀው እኔን ሳያይ ራሱን ነቀነቀላት። እኛም ፊት ለፊቱ ያለው ደረጃ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ብሪያና ትባላለች፣ ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንቀመጠው። ፊቱ ደግ ነው ግን ያሳዝናል አለችኝ። ቀጥላም ያንቺ አገር ሰው ይመስላል፣ ታውቂዋለሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቀውም አልኩ። ዳውንታውን ዶሮ የለም እንጂ በዚያች ሰዓት ይጮህ ነበር።

አርባ ደቂቃ ያህል ሣልኩት። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ከእጁ ጀመርኩ፣ ከእጁ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ዘንበል ያለው አንገቱ። አባቴን በሕይወቴ ያን ያህል ጊዜ አትኩሬ አይቼው አላውቅም። ጉልበቱ ላይ የሱሪው ጨርቅ እንደሳሳ፣ ትንሿ ጣቱ በብርድ እንደተሰነጠቀች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማዳም ኦዲል በላዬ ላይ አጎንብሳ አየችና፣ አታቁሚ አለችኝ። ስንሄድ ልጆቹ ሁሉ አመሰገኑት። እኔ ጠርሙሴን በመክደን ተጠምጄ ነበር።

ማታ እንደወትሮው ምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ። እናቴ የማታ ሺፍት ልትሄድ ነበር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራ እንዴት ዋለ ስትለው፣ ደህና አላት። እሷ እንደወጣች መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“አየሽኝ አይደል?” አለኝ።

“አዎ።”

“አፈርሽብኝ?”

አላፈርኩም አልኩት። ውሸቴን እንደሆነ ገብቶታል፤ ቢሆንም ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮ ነገረኝ። ገና እንዳለፈ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሌይኦፍ አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የሚወጣው ሥራ ፍለጋ ነው። ፎርም ሞልቶ ሲጨርስ ቀኑ አያልቅለትም፤ ላይብረሪ ተቀምጦ መዋል ደግሞ ያሳብደዋል። አኮርዲዮኑ እትዬ ኦልጋ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያድረው። አበሻ ሲያልፍ ካየ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደርጋል።

“ለእናትሽ የምነግራት እኔ ነኝ” አለኝ። “ሥራ እስካገኝ ብቻ ያዥልኝ።”

ለምን እንደፈራ ሳልጠይቀው አውቄዋለሁ። እናቴ “የሰው ፊት እሳት ነው” ማለት ታበዛለች። ካልጋሪ በገባን ሰሞን አንድ ጊዜ የእርዳታ ምግብ ሰልፍ ቆማ ነበር፤ ምንም የከፋ ነገር አልደረሰባትም፣ ሰዎቹም ሳቅ ብለው ነው የሰጧት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ድርብ ሺፍት ትሠራለች እንጂ ከሰው እጅ መጠበቅ አትወድም።

ያዥልኝ ያለኝን ነገር ለሁለት ሳምንት ያዝኩት። እንዲህ ዓይነት ነገር ልጅ ሆኖ የያዘ ያውቀዋል፤ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እናቴ ከሺፍት መጥታ ደክሟት ሳለ የአባቴን ምሳ ስትቋጥር ማየት አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዷ እናት “ዳውንታውን ሄጄ” ብላ ወሬ ከጀመረች ጆሮዬ ይቆማል። ስልክ ሲጮህ ቀድሜ የማነሣው እኔ ሆንኩ። እንቅልፌም ራቀኝ።

በዚህ መሀል ማዳም ኦዲል ወላጆች የሚመጡበት የሥዕል ኤግዚቢሽን እንደሚኖር ነገረችንና የኔን ሥዕል መግቢያው ላይ ልትሰቅለው መረጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር። በምሳ ሰዓት ሰው በሌለበት ክፍል ገብቼ፣ ብዕሬን ቀለም ነክሬ፣ አባቴን እንዳይታወቅ ጢም ላበቅልበት ጀመርኩ። ሦስት መስመር እንዳሰመርኩ ማዳም ኦዲል ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችው። አልተቆጣችም። ይሄ ጢም የዚህ ሰው አይደለም፣ ለምን አደረግሽው አለችኝ።

“አባቴ ነው” አልኳት።

ማቀፍና ማባበል ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሥዕሉን እንደ አዲስ አየችው። ያን ቀን ፈቃድ የጠየቅሁት የማላውቀውን ሰው ነው አለችኝ፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፣ አሁን አንቺ ጠይቂው። አይሆንም ካለ አይሰቀልም፣ ምክንያቱንም ለማንም አልናገርም።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴን ጠየቅሁት። ሥዕሉ ጥሩ ነው ወይ አለኝ። ማዳም ኦዲል ጥሩ ነው ብላለች፣ ግን ጢም አለው አልኩት። እንደመሳቅ አደረገው።

“እንግዲያ ይሰቀል” አለ። “እናትሽን ይዣት እመጣለሁ።”

ኤግዚቢሽኑ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ የሥራ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ መጣች፤ አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላዋ። ሥዕሉ ሥር በፈረንሳይኛ “የመንገድ ሙዚቀኛ” የሚል ካርድ ከነስሜ ተለጥፏል። እናቴ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ስሜን አይታ ፈገግ አለች፣ ቀና ብላ ሥዕሉን አየች፣ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ወረደ። ዘንበል ያለውን አንገት ለማወቅ ፊት አላስፈለጋትም።

“ይሄ አንተ ነህ” አለች፣ ወደ አባቴ ሳትዞር።

“ነኝ” አላት።

መቼ ነው ስትል፣ ቺኑክ የገባ ዕለት ብዬ እኔ መለስኩላት። ከቺኑኩ በፊት በነበሩት ቀናትስ የት ነበርክ ብላ አባቴን ጠየቀችው። እዚያው ነበርኩ አላት። ከገና ጀምሮ መሆኑን፣ ፋብሪካው እንዳሰናበተው፣ ሁሉንም በአጭሩ ነገራት። እናቴ ሥዕሉ ላይ ያለችውን የተሰነጠቀች ትንሽ ጣት በዓይኗ እየዳሰሰች ቆየች።

“እኔ የሰው ፊት እሳት ነው ስል፣” አለች ቀስ ብላ፣ “አንተ በብርድ ልታልቅልኝ ነበር።”

ከዚያ ተቆጣች። የተማሪዎቹ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር ጋ ወስዳን፣ ለሚያልፉት ወላጆች ፈገግ እያለች፣ በአማርኛ ልክ ልኩን ነገረችው። መጫወትህ አያሳፍረኝም አለችው፤ የት ተቀምጦ እንደሚበላው ለማላውቀው ሰው አምስት ሳምንት ምሳ ስቋጥር መክረሜ ነው ያሳፈረኝ። ወደኔ ዞራ አንቺም ታውቂ ነበር አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቁንጥጫ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን በቀለም የጠቆረ እጄን ይዛ ለአባቴ እያሳየችው፣ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይሸከምም አለችው። አባቴም “ልክ ነሽ” አለ።

ወደ ቤት በሲ-ትሬን ስንመለስ እናቴ መሀላችን ተቀመጠች። ጥቂት ጣቢያ አለፍን። ድንገት “ጢሙን ግን ከየት አመጣሽው?” አለችኝ። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ ፊት ለፊታችን የነበሩት ሰዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ማርልቦሮ ሳንደርስ አባቴ ጭንቅላቱን እናቴ ትከሻ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። እኔም ያን ሌሊት ሳልነቃ አደርኩ።

በማግስቱ አኮርዲዮኑ በግልጽ ወደ ቤት ገባ። እናቴ አንድ ወፍራም የሱፍ ጓንት ጣቶቹን ቆርጣ፣ ጠርዙን በክር ዘምዝማ አዘጋጀችለት። አንድ ቅዳሜ ሁለታችንም አብረነው ዳውንታውን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ ቆማ ትንሽ ስታፍር ቆየችና፣ ያ የሰርግ ዜማ ሲደርስ ራሷን መቆጣጠር አቅቷት እልል አለች። መንገደኛው ሁሉ ዞረ፤ ከላይ አንድ መስኮት ሲከፈት አየሁ። ሰኞ ለብሪያና ያ የሣልነው ሰው አባቴ ነበር አልኳት። እንደዚያ ተብሰልስዬ፣ ቃላቱን ስንት ቀን ስደረድር ከርሜ፣ እሷ “ኦ፣ ጎበዝ ነው” ብላ ብዕር አበድሪኝ አለችኝ። የፈራሁት ነገር ሁሉ ይቺው ነበረች። በጸደዩ አባቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ፈተና አለፈና ሥራ ጀመረ፤ እስከ ጡረታው የሰዉን ልጆች ሲያመላልስ ኖረ።

ያን ጊዜ አባት ማለዳ ከቤት ከወጣ ማታ እስኪመለስ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ካስልሪጅ ሰፈር ቤታችን ያለች የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ስልኳን ከፍታ የት መንገድ ላይ እንዳለሁ ታየኛለች፤ ግሮሰሪ ስገባ አይስክሬም አስታውሺ ብላ ቴክስት ታደርግልኛለች። መደበቂያ የለም። ሆኖም ሰው ፈልጎ የማይደብቀው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ስልክ የት እንዳለሽ ይናገራል እንጂ ምን እንደሆንሽ አይናገርም።

ባለፈው ዓመት እኔም ሌይኦፍ ሆንኩ። ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ ካርታ እሠራ ነበር፤ አንድ ጠዋት ጠርተው ነገሩኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ነገም ለብሼ ብወጣ ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አልዋሽም፣ መጣብኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ በቀጥታ ቤት ገባሁና፣ እራት ላይ ለባሌም ለልጆቼም ነገርኳቸው። ባሌ እጄን ያዘኝ። ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ “ሶ፣ አሁን ከስኩል ፒክ የምታደርጊኝ አንቺ ነሽ?” አለችኝ፤ አዎ ስላት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሳህኖቹ ሳይነሡ ለአባቴ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት።

“ለባልሽ ነግረሽዋል?” አለኝ።

“ለልጆቹም ነግሬያለሁ።”

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ በስልኩ ተሰማኝ።

“እንግዲያማ ከባዱ አለቀ” አለኝ። ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ነገው በረዶ አወራን።